ናፍጣ ቤንዚን አይደለም፦ የሣር ማጨጃን ስለማክረም ለተሰጠው ምክር የቀረበ ምላሽ

በሚኒሶታ የግቢ ሣር በማጨድ ሥራ በምንተዳደር ኢትዮጵያውያን መካከል ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ቆይቷል። ጽሑፉ የሚያወሳው ተቀምጠው የሚነዱትን ባለ ናፍጣ ሞተር የሣር ማጨጃ በበረዶው ወራት እንዴት ማክረም፣ በጸደይም እንዴት ማስነሳት እንደሚገባ ነው። የጸሐፊው ስም ባይገለጽም አጻጻፋቸው በሥራው የቆዩ ሰው መሆናቸውን ይመሰክራል፤ የጻፉትም ወገናቸውን ለመጥቀም መሆኑን አልጠራጠርም። ምክራቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የነዳጁ ታንክ ተሟጦ ባዶ ይሁን፤ ነዳጅ ከቀረበት ደግሞ እንዳይረጋ ጥቂት ቤንዚን ይቀላቀልበት፤ ሞተሩ በየወሩ ለ10 ደቂቃ ይነሳ፤ የሞተር ዘይቱ በጸደይ ይለወጥ፤ ባትሪው እንደታሰረ ይቆይ፤ ማሽኑ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቅለል፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ስለማይቀጣጠል ማሽኑ ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ቢቆም አያሰጋም፤ በጸደይ አልነሳም ካለ ኤተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል የማስነሻ ፈሳሽ) ይነፋበት።

ከእነዚህ መካከል ግማሽ ያህሉ በቤንዚን ለሚሠራ ትንሽ ማጨጃ ቢነገሩ ኖሮ ብዙም አልከራከርባቸውም ነበር። ችግሩ የቤንዚን ሞተር ምክር እንዳለ ተነሥቶ በናፍጣ ሞተር ላይ መለጠፉ ነው። ቆሞ የሚከርም የቤንዚን ሞተር ጠላቱ የነዳጁ መትነንና ቤንዚኑን ከአየር በሚቀላቅለው በካርቡራቶሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀረው ሙጫ መሰል ዝቃጭ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካርቡራቶር የለውም፤ የእርሱ ጠላቶች ውሃ፣ አየርና ብርድ ናቸው፤ ጽሑፉ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዳንዶቹም ለእነዚሁ ጠላቶች በር የሚከፍቱ ናቸው።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። ጸሐፊው የበረዶውን ወራት «ክረምት» እያሉ ይጽፋሉ፤ ሁላችንም በልማድ እንዲሁ እንላለን። ነገር ግን ክረምት ስንል በልቡናችን የሚመጣው ዝናብ ነው፤ ማሽኑን በላስቲክ ጠቅልሎ የማሰር ሐሳብም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። እዚህ ከኖቬምበር እስከ አፕሪል ድረስ ጣራ ሥር ለቆመ ማሽን ስጋቱ ዝናብ ሳይሆን ላብ ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ብረት ቀን ላይ ሞቅ ያለና እርጥበት የያዘ አየር ሲነካው ያልበዋል፤ በላስቲክ ከታፈነ ያ ላብ መውጫ አጥቶ ብረቱ ላይ ያድራል። አየር የሚያሳልፍ የጨርቅ ሽፋን ይሻላል፤ እርሱ ከሌለ ማሽኑ ጣራ ሥር ራቁቱን ቢቆም ከላስቲኩ ይመረጣል።

ወደ ዋናው ነጥብ፣ ማለትም ታንኩን ባዶ ወደ ማድረጉ ስንመጣ፣ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ ከመቃጠል ሌላ ሥራ እንዳለው መዘንጋት የለበትም። የነዳጅ ፖምፓው ፒስተኖችና ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት የኢንጀክተሮቹ መርፌዎች የሚለሰልሱት በውስጣቸው በሚያልፈው ናፍጣ ነው፤ በእነዚህ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት በሚሊሜትር ሺህኛ የሚለካ ስለሆነ ዓይን የማያያት የዝገት ቅንጣት እንኳ ልታጣብቃቸው ትችላለች። ታንኩና መስመሩ ሲደርቁ በናፍጣ ተሞልቶ የነበረው ቦታ ሁሉ በአየር ይተካል፤ አየሩ እርጥበት ይዞ ይገባል፤ እርጥበቱ ዝገት ያበቅላል፤ የጎማ ማሸጊያዎቹም ደርቀው ይሰነጠቃሉ። በጸደይ ባለቤቱ ከመስመሩ አየር ለማስወጣት ሲታገል የሚውልበት ጊዜ ከዚህ ሲተያይ ቀላሉ ቅጣት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር የተመከረው ተቃራኒ ነው፤ ናፍጣው ሲሞቅ የሚሰፋበት ጥቂት ቦታ ብቻ ተትቶ ታንኩ ይሞላል። በሞላ ታንክ ውስጥ የሚያልብ አየር እምብዛም የለም። ጎዶሎ በሆነው ግን ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ፣ ታች ይዘቅጣል፤ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ፤ በጸደይ ፊልትሮውን የሚደፍነው ጥቁር አተላ አብዛኛውን ጊዜ የእነርሱ ሥራ ነው።

ታንኩ በምን ዓይነት ናፍጣ እንደሚሞላ ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ረገድ የሚኒሶታ ነገር ለየት ይላል። ከ2018 ጀምሮ በግዛቲቱ ሕግ መሠረት በሞቃቱ ወራት በማደያ የሚሸጠው መደበኛ ናፍጣ 20 በመቶ ባዮዲዝል የተቀላቀለበት ነው፤ በብርዱ ወራት ድርሻው ወደ 5 በመቶ ዝቅ ይላል። ባዮዲዝሉ በብዛት የሚሠራው ከአኩሪ አተር ዘይት ነው። ለአየሩም ሆነ ለአገሩ ገበሬ ያለውን ጥቅም አልክድም፤ ለወራት ለሚቆም ታንክ ግን ጠባዩ አይመችም፤ ውሃ ይስባል፣ ከተራው ናፍጣ ቀድሞ ይበላሻል፣ ንጹሑ የአኩሪ አተር ባዮዲዝል ደግሞ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል። በኦገስት የተገዛ ናፍጣ በጀሪካን ተርፎ ከሆነ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ሣር ሲታጨድ ተሠርቶበት ማለቅ ይኖርበታል፤ ለማክረሚያ የሚሞላው ማደያው ወደ ብርዱ ናፍጣ ከዞረ በኋላ የተገዛው ነው፤ ከተገኘም ከነጭ ጋዝ (ኬሮሲን) ጋር የሚቀራረበው ቁጥር 1 የሚባለው ናፍጣ ነው። ከዚያም የነዳጅ ማቆያ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ተጨምሮ፣ መድኃኒት የገባበት ናፍጣ እስከ ኢንጀክተሮቹ እንዲደርስ ሞተሩ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ይሠራል። በዚህ መልክ የተያዘ ናፍጣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፤ የእኛ የዕረፍት ወራት ደግሞ ከስድስት አይበልጡም።

ናፍጣው እንዳይረጋ ቤንዚን ይቀላቀልበት የሚለው ምክር የድሮ ከባድ መኪና ነጂዎች ዘዴ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን አበላሽቶ ነው አንዱን የሚያስተካክለው። ቤንዚን የማለስለስ ጠባይ ስለሌለው የፖምፓውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ከዚህ የከፋው ግን የእሳቱ ነገር ነው። ቁጥር 2 የሚባለው መደበኛ ናፍጣ በአጠገቡ ባለ እሳት ሊያያዝ የሚችል ትነት የሚያወጣው ከ52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ43 ዲግሪ እንኳ ይህን ትነት ያወጣል። የተቀላቀለው ነዳጅ የሚይዘው የቤንዚኑን ጠባይ ነው። በቤንዚን ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ የወፈረ፣ በናፍጣ ታንክ ውስጥ ያለው ደግሞ እጅግ የሳሳ ስለሆነ በዚያው ታንክ ውስጥ የመፈንዳት ዕድላቸው ትንሽ ነው፤ ቅልቅሉ ግን በሁለቱ መካከል፣ ለፍንዳታ በሚመች ልክ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በአሜሪካ የናፍጣ ጀሪካን ቢጫ፣ የቤንዚኑ ቀይ የሆነው ሰዎች እንዳይሳሳቱ ነው፤ እዚህ ግን ጸሐፊው አውቀን እንድንሳሳት ይመክሩናል።

መርጋቱስ በእርግጥ የሚያስፈራ ነውን? ማሽኑ ቆሞ የሚከርም ከሆነ አይደለም። የረጋ ናፍጣ ሰሙ ከውስጡ ተለይቶ የደፈረሰ ናፍጣ ነው፤ በጸደይ ሲሞቅ መልሶ ይቀልጣል። የሚጎዳው በጃንዋሪ ማስነሳት የፈለገውን ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ሰሙ ፊልትሮውን ይደፍናል። ስለዚህ ቤንዚን የመቀላቀሉን አስፈላጊነት የፈጠረው በየወሩ ሞተሩ ይነሳ የሚለው የጸሐፊው የራሳቸው ሦስተኛ ምክር ነው። (ታንኩን አሟጥጦ ባዶ ያደረገ ሰው በየወሩ በምን ነዳጅ እንደሚያስነሳው ጽሑፉ አልነገረንም።)

ይህ በየወሩ የማስነሳት ነገር ብዙዎቻችን ስለምናደርገው ዘርዘር አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት ያህል አድርጌዋለሁ፤ «ደሙ ይዘዋወርለት» እያልሁ። የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት፣ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ዙር)፣ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ለ10 ደቂቃ ሲሠራ የሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ቀሪው ጥቀርሻ ሆኖ በኢንጀክተሩ ጫፍና በጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ይለጠፋል። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃም ስለሚወጣ፣ ሊተን የሚችልበት ሙቀት ያላገኘው ውሃ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጸሐፊው ባትሪው በዚያው ይሞላል ይላሉ፤ ነገር ግን ካንዴሌታው (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለችው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ለማሞቅ፣ ሞተሪኖውም በብርድ የወፈረ ዘይት ያለበትን ሞተር ለማዞር የጨረሱትን ኃይል በ10 ደቂቃ የሚኒሞ ዙር መመለስ አይቻልም። በሁለተኛው ዓመት ማርች ላይ የዘይቱን መለኪያ ስስበው ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ወጥቶ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተውሁት። ማሽኑ ወይ በደንብ ተዘጋጅቶ ይተኛ፣ ወይም ከተነሳ ጭነት ይዞ እስኪሞቅ ይሥራ፤ በረዶ መጥረጊያ የተገጠመለት ማሽን ያለው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል።

የዘይቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። አዲስ ዘይት ቆሞ ሲከርም ይባክናል የሚለው ክርክር ቁጠባ ይመስላል። ሆኖም ሞተሩን ለወራት ሸፍኖ የሚቆየው ዘይት የወቅቱን ሁሉ ጥቀርሻ፣ አሲድና እርጥበት የተሸከመው አሮጌው እንዲሆን መፍቀድ ነው። በመጨረሻው የማጨጃ ቀን፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጣሉ፤ በጸደይ መጠኑን ማየት ብቻ ይበቃል።

ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካው፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣው ነገር የራዲያተሩ ውሃ ነው። አብዛኞቹ ባለ ናፍጣ ማጨጃዎች በፈሳሽ የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ በብዙ ትንንሽ ማሽኖች ላይ የሚገኘውን ባለ ሦስት ሲሊንደር 898 ሲሲ የኩቦታ ዲ902 ሞተርን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። ግማሽ አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ የሆነ ቅልቅል ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቋቋማል። በጁላይ ሙቀት ራዲያተሩ ሲጎድል ከቧንቧ ውሃ እየጨመረ የሠራ ሰው ግን ሳያውቀው ቅልቅሉን አሳስቶታል። በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ብርዱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገብቶ እንደነበር እናስታውሳለን፤ በዚያን ዕለት ያልሞቀ መጋዘን ውስጥ የቆመ የሳሳ ቅልቅል ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ውሃ በረዶ ሲሆን በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ የሞተሩ ብረት ግን አይሰፋለትም፤ ይሰነጠቃል። የአንቲፍሪዝ መለኪያዋ በጥቂት ዶላር የምትገኝ ዕቃ ናት፤ በኦክቶበር አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ጸሐፊው እንደታሰረ ይቆይ ማለታቸው ሞተሩ በየወሩ ይነሳል ከሚለው ሐሳብ የተወሰደ ስለሆነ፣ ያ ሲወድቅ ይህም አብሮ ይወድቃል። ሙሉ የሆነ የእርሳስና አሲድ ባትሪ በሚኒሶታ ብርድ አይረጋም፤ የተሟጠጠው ግን አሲዱ ወደ ውሃነት ስለሚጠጋ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ዝቅ ሲል በረዶ ሆኖ ሣጥኑን ይሰነጥቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የነጌቲቩ ገመድ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩ ይፈታል፤ ባትሪው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ በየወሩ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ከወረደ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሞላል፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚቀጣጠል ሲጋራም ሆነ ብልጭታ መራቅ አለበት። ባትሪ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ይሟጠጣል የሚባለውን ግን መተው ይቻላል፤ የድሮ ባትሪ ሣጥኖች ወሬ ነው።

ናፍጣ አይቀጣጠልምና ጋራዡ አያሰጋም የሚለው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው፤ ከላይ እንደጠቀስሁት ናፍጣ በእርግጥ ከቤንዚን እጅግ የተሻለ ነው። ይሁንና በሁለተኛው ምክራቸው ቤንዚን እንዲቀላቀልበት የፈረዱ ሰው በሰባተኛው ላይ የናፍጣን ደኅንነት ምስክር አድርገው ሊጠሩ አይችሉም። ከዚያም በላይ የእነዚህ ማሽኖች እሳት ብዙ ጊዜ ከታንኩ ሳይሆን በማርሚታውና በሞተሩ ዙሪያ ከተጠራቀመ ደረቅ ሣር ይነሳል፤ ገና የጋለ ማሽን ወዲያው ወደ ውስጥ ማስገባት፣ በላዩም ላስቲክ ማልበስ፣ ይህንኑ እሳት መጋበዝ ነው። ውጭ ቆሞ ይቀዝቅዝ፤ ሣሩ ይራገፍ፤ ከዚያ ይግባ።

ስለ ጭሱ ደግሞ ጽሑፉ አንዲት ቃል የለውም። በጃንዋሪ ሞተሩን የሚያስነሳ ሰው ስለሚበርደው በሩን ዘግቶ ወይም ገርበብ አድርጎ እንደሚያስነሳው ሁላችንም እናውቃለን። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢያወጣም፣ ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ከጋራዥ ወደ መኝታ ቤት ሲያልፍ የሚያስታውቅ ነገር የለም። በተጨማሪም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ቢከፈትም እንኳ፣ ሞተር ማስነሳት አይገባም፤ ማሽኑ ተገፍቶ ከወጣ በኋላ ይነሳል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን መዝለል አልፈልግም። የማጨጃው ሆድ (ምላጮቹ ያሉበት የታችኛው ክፍል) በደንብ ይፋቅ፣ ግራሶ የሚፈልገው ሁሉ ይቀባ፣ የአይጥ መግቢያዎች ይደፈኑ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት የሚተፋ ውሃ ኩሽኔታዎቹ ላይ አይረጭ፤ ከሆዱ ሥር የሚገባ ሰው ቁልፉን ነቅሎ በኪሱ ይያዝ፣ በማንሻው ብቻ ሳይተማመንም በጠንካራ ድጋፍ ያስደግፈው፤ የአየር መሳቢያውንና የማርሚታውን አፍ በጨርቅ የደፈነ ሰው ደግሞ ይህንኑ በወረቀት ጽፎ መሪው ላይ ይሰረው። በአፕሪል ጨርቁን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ኤተር ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ምንም መንገድ የለኝም። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ጨምቆ በጭመቁ ሙቀት ነው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው። ኤተር በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ካንዴሌታው ደግሞ ከ800 ዲግሪ በላይ የጋለ ነው። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ኤተሩ ቀድሞ ይፈነዳና ወደ ታች ይደቁሰዋል፤ የፒስተን ቀለበት ይሰበራል፣ ፒስተኑ ራሱ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም እሳቱ በአየር መሳቢያው ወደ ሚነፋው ሰው ፊት ይመለሳል። በብዙ አምራቾች መመሪያ ላይ ክልክል መሆኑ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ኤተር ከሚያስነሳው ይልቅ የሚደብቀው ይብሳል፤ አልነሳም ያለ ሞተር ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ ካንዴሌታው ተቃጥሏል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል።

በጸደይ የሚደረገው እንግዲህ ይህ ነው። መጀመሪያ ጨርቆቹ ይወጣሉ፤ የአየር ፊልትሮው ተከፍቶ የአይጥ ጎጆ አለመኖሩ ይታያል፤ የተበላ ሽቦና የተሰነጠቀ ቺንጋ ይፈተሻል። ከውሃ መለያው ብርጭቆ ሥር ያለችው ብሎን ላላ ተደርጋ የዘቀጠው ውሃ ይወርዳል። የዘይቱ፣ የራዲያተሩና የጎማዎቹ ልክ ከታየ በኋላ ባትሪው ይታሰራል፤ አሁን ፖዘቲቩ ይቀድማል። ፊልትሮ የተለወጠ ከሆነ አየሩ ማሽኑ ባለው የእጅ ፓምፕ ወይም ማስተንፈሻ ይወጣል። የማሽኑ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ ለጥቂት ሰኮንድ በሞተሪኖ ብቻ ቢዞር ዘይቱ ከመቀጣጠሉ በፊት ወደ ኩሽኔታዎቹ ይደርሳል።

ከዚያ ካንዴሌታው መብራቱ እስኪጠፋ ይሞቃል፤ ሞተሪኖው ከ10 ሰኮንድ በላይ ሳይያዝ ይሞከራል፤ ካልተነሳ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ዕረፍት ተሰጥቶት ይደገማል። ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠ ወይም የምላጩን ማያያዣ ያላላቀቀ ሰው ሞተሩ ድምፅ እንኳ ባያሰማ አይደነግጥ፤ የደኅንነት ማብሪያዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ሲነሳ የዘይቱ መብራት በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ነጭ ጭስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ጭሱ ካልቆመ ግን ምክንያቱ ይፈለጋል። ለ5 ደቂቃ በሚኒሞ ከሠራ በኋላ ነው ምላጩ የሚያያዘው።

ነዳጅ የሚያፈስ ቦታ ካለ በፍጹም በእጅ አይዳሰስ፤ ከኢንጀክተር መስመር በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ያህል ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ ነው። ካርቶን በመስመሩ አጠገብ ሲያዝ የረጠበው ቦታ የሚያፈሰውን ያሳያል። የመጀመሪያው ሣር ከታጨደ በኋላ የውሃ መለያው ብርጭቆ እንደገና ይታያል፤ ታንኩ በማጨዱ ስለሚናወጥ ከሥር ቀርቶ የነበረው ውሃ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።